ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጣና መንገድ

አንድ የከተማ አውቶቡስ መሥመር ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለግል ኩባንያ በሚሰጥበት ጊዜ በሙያ ባልደረቦቻችን መካከል የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን የግል ባለሀብት ትርፍ የሚገኝበትን ጎዳና ብቻ መርጦ፣ ዳር ዳሩን ለእግረኛ ትቶ ይሄዳል ሲል ይከራከራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መንግሥት መለዋወጫ ገዝቶና ሾፌር ተቆጣጥሮ ተሽከርካሪ በሰዓቱ ማሰማራት እንደማይሆንለት ምሳሌ እየጠቀሰ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አያጡም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከሁለቱም በፊት መቅደም የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የውሉን ቃል የሚጽፈው ማን ነው፣ ውሉ ሲያልቅስ መሥመሩ የማን ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ባሕር ዳር ዛሬ ሕዝቧ በባጃጅና በሚኒባስ የሚመላለስባት ሰፊ ከተማ ከመሆኗ አስቀድሞ፣ ገና በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር በነበረችበት ጊዜ፣ ወደ ጣና ዳርቻ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ማን ይሥራው፣ ማንስ ያስተዳድረው በሚል መንግሥታትን ያነታረከ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ የኒው ዮርክ ኩባንያም ተጠርቶበታል። ኩባንያውን ፈልጎ እንዲያመጣ ከኢትዮጵያ በኩል የተላከው ሰው መሐንዲስ ወይም ነጋዴ አልነበረም። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑ የሚነገርለት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበር። የእኚህን ሰው ስም የሕክምና ሰዎች በሚገባ ያውቁታል፤ በእኛ ሙያ ግን የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊትና ከብዙ ሕዝብ ጋር ወደ መቅደላ ወጥተው ስለ ነበር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲሠዉ በዚያው ትርምስ ውስጥ ከዘመዶቹ ተለየ። ጦሩ ሲመለስ ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል ሕፃኑን ይዞት ወደ ህንድ ሄደ። ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ልጁን የረዳውና ያስተማረው ሌላው መኮንን ኮሎኔል ማርቲን ነው። በዚህ ምክንያት የጎንደሩ ልጅ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ አማርኛውንም ረሳ።

ትምህርታቸውን በፑንጃብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1874 ዓ.ም. በላሆር የሕክምና ትምህርት ፈጸሙ። ቆይተውም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራና በግላስጎ የሐኪምነት ፈቃድ አወጡ። ከዚያ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ወደ በርማ ተመደቡ። ሰውዬው በዚህ ዓይነት ደመወዙም ማዕረጉም ተጠብቆለት በሩቅ ምሥራቅ አርጅቶ ሊሞት ይችል ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው ነገር ግን ወሬው በርማ ድረስ ደረሰ። የተወለዱበት አገር በዓለም ጋዜጦች ላይ በድል ሲነሣ ያዩት ሐኪም ልባቸው ወደዚያው አዘነበለ።

በ1892 ዓ.ም. ገደማ ፈቃድ ወስደው አዲስ አበባ ገቡ። ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመልካም ተቀበሏቸው፤ እርሳቸውም በሽተኛ ማከም ጀመሩ። የመቅደላው የጠፋ ልጅ መጥቷል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ አያታቸው መጥተው፣ በልጅነቱ በሰውነቱ ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው እንደ ለዩዋቸው ይተረካል። እሸቴ የአባታቸው ስም፣ ወርቅነህም የገዛ ስማቸው መሆኑን ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ስሞች እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ኖረዋል፤ ለእንግሊዞች ዶክተር ማርቲን፣ ለአገራቸው ሰው ሐኪም ወርቅነህ። ሁለት ስም መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዞች የእኛ ሰው ነው ብለው ሲተማመኑባቸው፣ ከአገራቸው ሰዎችም አንዳንዱ እንግሊዝ ናቸው እያለ ይጠራጠራቸው ነበር። ወደ ጣናው ጉዳይ ስንደርስ ይህ ነገር ፍሬውን እናየዋለን።

የመጀመሪያው ጉብኝታቸው አጭር ነበር። በኦጋዴን በሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ላይ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ከተጓዙ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አገቡ። እንደገና ወደ በርማ ሄደው ከአገልግሎት በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለመኖር ጠቅልለው ገቡ።

እርሳቸው በሚመላለሱባቸው በእነዚያ ዓመታት በአገሪቱ ትልቁ የመጓጓዣ ጉዳይ የጂቡቲው ባቡር ነበር። የጣናውን ነገር ለመረዳት በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የባቡር ኮንሴሲዮን ሰጡ። ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ከፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ተቀብሎ፣ በዚያ ውል የፈረንሳይ መንግሥት በባቡሩ ላይ ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ያወቁት ከተፈረመ በኋላ ነው። ለግል ኩባንያ ሰጠሁት ያሉት መሥመር ሳያውቁት የባዕድ መንግሥት ንብረት ሊሆን መቃረቡን ሲያዩ ተቆጥተው በድሬ ዳዋ ምረቃ ላይ ሳይገኙ ቀሩ፤ ሐዲዱም ለብዙ ዓመታት ከዚያ ወዲህ አልተራመደም። ኩባንያው ከሠረ። በ1900 ዓ.ም. መሥመሩን አዲስ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተረክቦ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በአገራችን አንድ የትራንስፖርት መሥመር ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲተላለፍ ከታዩት ዋነኛው ይህ ነው ለማለት ይቻላል። ሐዲዱን ያስቆመው የመሐንዲስ ጉድለት አልነበረም። ውሉ ኩባንያው መብቱን ለማን ሊያስተላልፍ እንደሚችልና እንደማይችል በጥብቅ አለመወሰኑ ነው።

ስለ ጣና ደግሞ ሌላ ውል ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት የድንበር ስምምነት ውስጥ፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእንግሊዝና የግብፅ መሐንዲሶች ወደ ሐይቁ ይመላለሱ ጀመር። በ1895 ዓ.ም. ገደማ ዱፑዊ የተባለው መሐንዲስ፣ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ግራብሃምና ብላክ የውኃውን ልክ፣ የሐይቁን መውጫና የዳርቻውን መሬት እየለኩ ዘገባ ጻፉ። በዳንግላ የተሾመው ቆንስል ቺስማንም ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ዞሮ አየ።

እነዚህ ሰዎች የለኩት ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። የዚያን ጊዜ መጓጓዣው የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ነበር። የዘጌ ቡና፣ እህልና ማገዶ፣ መነኩሴና ነጋዴ ከዳር ወደ ደሴት፣ ከደሴት ወደ ዳር የሚሻገረው በዚያ ነው። ደንገል ውኃ ሲጠግብ ስለሚከብድ ታንኳ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ባለቤቱ አውጥቶ ያደርቀዋል፣ ሲያረጅም ሌላ ይሠራል። በየብስ በኩል መንገዱ የበቅሎና የአህያ ሲሆን በየስፍራው ኬላ ነበረበት። ኬላ ማለት በእኛ ዘመን ቋንቋ የመንገድ ክፍያ ጣቢያ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን መንገዱን ለሚጠግን ሳይሆን ለአገረ ገዢው ነበር። ክረምት ሲገባ የዓባይ በረሃ ይዘጋና ጎጃም ከሸዋ ይቆረጣል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግዛታቸውን ከማዕከላዊው መንግሥት ራቅ አድርገው ሊያስተዳድሩ የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ የመንገድ እጦት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ጠቅልለው ከገቡ በኋላ የሠሩት ሥራ በአንድ ሙያ የሚወሰን አይደለም። የፍልውኃን መታጠቢያ አሠርተው ያስተዳድሩ ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ችሎት ዳኛ ሆኑ፤ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት ደከሙ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። በ1920 ዓ.ም. ጂኦግራፊ በአማርኛ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። አማርኛን በጎልማሳነት እንደገና የተማረ ሰው የዓለምን ምድር በአማርኛ ለመግለጽ መነሣቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ለራሳቸው የዕለት ማስታወሻ ግን በእንግሊዝኛ መጻፋቸውን አልተውም። ስለ እነዚህ ሥራዎች ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ አናልፋቸውም እንጂ አንቆይባቸውም።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። በዚህ ደብዳቤ መሠረት ጣሊያን፣ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራና ከሱዳን ጠረፍ እስከ ግድቡ የመኪና መንገድ እንድታወጣ ልትደግፍ፣ እንግሊዝም በበኩሏ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያልፍ ባቡር እንድትዘረጋ ልትደግፍ ተስማሙ። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ የሙያ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የመኪናው መንገድ የጣናን ንግድ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይስባል፤ ባቡሩ ምዕራቡን አገር ከዋና ከተማው ይለያል። ሁለቱም የታሰቡት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱም በኢትዮጵያ መንግሥት የሚተዳደር አልነበረም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል ለሆነችበት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በሰኔ 1918 ዓ.ም. አቤቱታ አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታትም ማስገደድ አላሰብንም ብለው ለማስተባበል ተገደዱ።

አቤቱታ ግን መንገድ አይሆንም። ጣናን ሌላ ሰው እንዳይሠራው ከተፈለገ ወይ ራስ መሥራት፣ ወይም ከጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ወገን ያልሆነ ሠሪ ማግኘት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ገንዘብም መሐንዲስም ስላልነበረው ሁለተኛውን መረጠ። ተፈሪ መኰንን ይህን ጉዳይ ለማን እንደሚሰጡ ሲያስቡ ሐኪም ወርቅነህን መምረጣቸው በቀላሉ የሚታይ ብልሃት አይደለም። እንግሊዝኛውን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚናገር፣ የእንግሊዝን ሹማምንት አነጋገርና አስተሳሰብ ከውስጥ የሚያውቅ፣ በአሜሪካም ቢሄድ ማንም የማያታልለው ሰው ነበሩ። እንግሊዞችም ቢሆኑ ለሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገላቸው ሐኪም በእነርሱ ጉዳይ ላይ ይዶልትብናል ብለው የሚጠረጥሩ አልነበሩም።

በ1919 ዓ.ም. መጨረሻ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ጎበኙ፤ በኒው ዮርክም ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ኩባንያ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ፣ በ1895 ዓ.ም. ለአንድ አሜሪካዊ ባለሀብት በተሰጠው የከተማ ትራምና የመብራት ፈቃድ መሠረት የትራሙን መሥመር የዘረጋው እርሱ ነው፤ ትራሙም በ1897 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመሆኑም ሐኪሙ የመረጡት ግድብ መገደብ ብቻ የሚያውቅ ድርጅት አልነበረም፤ የሕዝብን አገልግሎት በግል ገንዘብ ሠርቶ በክፍያ የማስኬድን ሥርዓት በቅርብ ያውቅ ነበር። በነገራችን ላይ ሐኪም ወርቅነህ በዚሁ ጉዞ ሃርለም ወደተባለው የጥቁሮች ሠፈር ሄደው፣ የተማሩና ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። የኩባንያ ውል የሚፈራረም መልእክተኛ ሠራተኛም አብሮ መፈለጉ አስቦ የሄደ ሰው መሆናቸውን ያሳያል።

በጥቅምት 1920 ዓ.ም. የድርድሩ ወሬ በኒው ዮርክ ጋዜጦች ወጣ። ለግድቡ የተገመተው ወጪ 20 ሚሊዮን ዶላር መሆኑም አብሮ ተነገረ። ለንደን ተናወጠች። የ1894ቱ ውል ተጥሷል የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያበሳጫቸው ግን ነገሩን ያደረገው ዶክተር ማርቲን መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ከኢትዮጵያ በኩል የተሰጠው መልስ የሕግ ሰው መልስ ነበር፤ ውሉ የሚከለክለው ያለ ስምምነት መሥራትን እንጂ ሠሪ መፈለግን አይደለም፤ ሥራው የሚጀመርበት ሰዓት ሲደርስ እንግሊዝ ትጠየቃለች። ይህ መልስ ትንሽ መስሎ ብዙ ነገር ገለበጠ። እስከዚያ ቀን እንግሊዝ ጠያቂ፣ ኢትዮጵያ ተጠያቂ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ኢትዮጵያ ሠሪዋን ይዛ የቀረበች ባለቤት፣ እንግሊዝ ደግሞ ውኃ የምትፈልግ ደንበኛ ሆነች። ሐሳቡም ግድቡ የኢትዮጵያ ሆኖ፣ የሚጠራቀመው ውኃ ለሱዳንና ለግብፅ በክፍያ እንዲለቀቅ ነበር።

አንባቢው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ከግድቡ ያላነሰ የጓጓለት መንገዱን ነበር። እንግሊዝ መንገዱ ከሱዳን እንዲመጣ ትሻ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ሲሚንቶውም ማሽኑም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ ጣና የሚደርስ የመኪና መንገድ እንዲሠራ አጥብቆ ያዘ። ለመሐንዲሶቹ ይህ ውድ መንገድ ነው። የዓባይ ሸለቆ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ገደል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሱዳን የሚመጣው በርካሽ ይሠራ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን መሥመር የሚመረጠው በኪሎ ሜትርና በብር ብቻ ከሆነ፣ ሕዝቡ ወደየት እንዲሄድ እንደሚፈለግ የሚወስነው ኩባንያው ይሆናል። የአዲስ አበባው መንገድ ጎጃምን ከዋና ከተማው ጋር ያስተሳስራል፤ የሱዳኑ ያርቀዋል። በዚህ ጸሐፊ ግምት በዚያ ድርድር ሁሉ ውስጥ የላቀው ነጥብ ይህ ነው።

ጉድለትም ነበረበት። በሐይቁ ዳር ስለሚኖረው ሕዝብ የተጨነቀ ተደራዳሪ አይታይም። ሐይቁ ከፍ ቢል የደሴቶቹና የዳርቻው አብያተ ክርስቲያናት መሬት ይጥለቀለቃል የሚል ስጋት ነበር፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የዘጌ ባለ ቡና፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ታንኳ የሚቀዝፈው ወይጦ ስለ ውሉ ምንም የተጠየቁ አይመስልም። ራስ ኃይሉም ቢሆኑ መንገዱ ኬላቸውን ሊያሳጣቸው፣ የመንግሥትንም ጦር በአንድ ቀን ሊያመጣባቸው እንደሚችል ሳይገባቸው አልቀረም። የኋላ ኋላ ከዚህ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ፣ በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከእስር ባመለጡበት ነገር ተጠርጥረው ከሥልጣን ወረዱ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

በ1923 ዓ.ም. የጄ. ጂ. ዋይት መሐንዲሶች ጣና ደርሰው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ስፍራ ለኩ፤ ዘገባም አቀረቡ። በዚሁ ዓመት ደግሞ ለእንግሊዞች ባለቤትነት በ50 ዓመት ውል ተሰጥቶ የነበረው የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ኮንሴሲዮን ሰጥቶ ጊዜው ሳይደርስ መልሶ መግዛት እንደሚቻል የታየበት ዓመት ነውና ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ማሰብ ይገባል። ከግብፅና ከሱዳን ጋር ስለ ጣና የሚደረገው ንግግር በቀጣዮቹ ዓመታትም ቀጠለ፤ ገንዘቡን ማን ያዋጣል፣ የመንገዱን ወጪስ ማን ይሸከማል በሚለው ላይ ግን ፈጥኖ መቋጫ አልተገኘም።

ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው በዚያን ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። በ1923 ዓ.ም. አካባቢ የጨርጨር አገረ ገዢ ሆነው ተሹመው፣ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። ጨርጨር የአዲስ አስተዳደር ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። የተማሩ ወጣቶችን በጸሐፊነትና በሹመት አሰለፉ፤ ግብሩ በሥርዓት እንዲመዘገብ አደረጉ፤ ወደ ባቡሩ መሥመር የሚያገናኝ መንገድም ማስወጣት ጀመሩ። ቡናው በአህያ ጀርባ ቀናት ፈጅቶ ከሚደርስ በመኪና ቢደርስ ለገበሬውም ለመንግሥቱም የሚያተርፈውን አስልተው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በጣና ያልተሳካላቸውን በትንሹ በጨርጨር ሞከሩት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ደላላ በአሜሪካ ኩባንያ ስም የአገሪቱን እኩሌታ የሚያህል ምድር ለ75 ዓመት የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መውሰዱ ተሰማ። የአሜሪካን ኩባንያ አስገብቶ የጣሊያንን ጦር ማስቆም ይቻላል የሚል ተስፋ ነበር። ኩባንያው ግን የአሜሪካ መንግሥት ተጽዕኖ ሲያደርግበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሉን ተወው። ጣና ላይ የተደረገው ዓመታት የፈጀ ድርድርና በጭንቅ ሰዓት የተፈረመው የነዳጅ ውል ሁለቱም ለአሜሪካ ኩባንያ የተሰጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ አይመሳሰሉም። በመጀመሪያው ጥናቱ ከውሉ ቀደመ፤ በሁለተኛው ውሉ ከሁሉ ቀደመ።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረራውን ጀመረች። የጣናም ሐሳብ በዚያው ቆመ። ሐኪም ወርቅነህ ሰባ ዓመት ባለፋቸው ዕድሜ በለንደን በየስብሰባው እየተናገሩ፣ ለጋዜጦች እየጻፉ፣ ለቀይ መስቀልና ለጦሩ ገንዘብ እየለመኑ ደከሙ። ያደጉበት መንግሥት ለተወለዱበት አገር ሳይደርስላት ቀረ። ከዚያ የከፋው ግን ገና ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከአርበኞች ጋር ሆነው ሲታገሉ ቆይተው በጠላት እጅ ወድቀው ነበርና፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። በሙያቸው ብዙ ሞት ያዩ አባት ይህን እንዴት እንደ ተሸከሙት ለመግለጽ አንደፍርም።

ከእንግሊዝ አገር በኋላ ወደ ልጅነት አገራቸው ወደ ህንድ ሄደው ቆዩ፤ ከነፃነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እርሳቸው በተመለሱባቸው ዓመታት፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች ትተዋቸው በሄዱት ጥቂት መኪኖች የአንበሳ አውቶቡስ በዋና ከተማው አገልግሎት ጀመረ። ያም ድርጅት በተራው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ አክሲዮን ማኅበር፣ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ እንደገና ወደ መንግሥት ተዘዋውሯል። ሽማግሌው ሐኪም ግን ከአደባባይ ሥራ ርቀው ነበር። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

የጣና ዳርቻ መልኩን የለወጠው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ነው። ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራ የፖሊቴክኒክ ተቋም አገኘች፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የአዲስ አበባው መንገድም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን አቋርጦ ደረሰ። በሐይቁ መውጫ ላይ፣ መሐንዲሶቹ በ1923 ዓ.ም. የለኩት አካባቢ፣ ጨረጨራ የተባለው የውኃ መቆጣጠሪያ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፤ ለሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲባል ሌሎች አምስት ተጨመሩለት። የበሮቹ መክፈቻና መዝጊያ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ነው፤ ውኃው ስለሚለቀቅበትም ለማንም የሚከፈል ኪራይ የለም።